ድምፅ ወደ ጡንቻ የሚደርሰው በየት በኩል ነው?

ደሴ ውስጥ «አልትራሳውንድ» ሲባል ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስበው እርግዝናን ነው። ስለዚህ ትከሻው አልነሣ ብሎት ወይም ወገቡ ይዞት ፊዚዮቴራፒ ክፍል የገባ ሰው «አልትራሳውንድ ይሠራልሃል» ሲባል ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። ቤቱ ሲመለስ ደግሞ ስልኩ ላይ ሌላ ነገር ይጠብቀዋል። በቲክቶክ፣ በፌስቡክና በዩቲዩብ የሚዘዋወሩ አጫጭር ቪዲዮዎች የሆነ ቁጥር የተለጠፈበትን ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ መስማት ብቻውን የደከመ ጡንቻን እንደሚያበረታ፣ የተጎዳ ነርቭን እንደሚጠግን ይናገራሉ። ጎረቤት በእጅ የሚያዝ ነዛሪ የማሳጅ ማሽን ገዝቶ «እስቲ ሞክረው» ይላል። ስትሮክ የመታው ዘመድ ያለው ቤተሰብ በበኩሉ ሕመምተኛው በሙዚቃ ምት እንዲራመድ የሚመክር ባለሙያ ሊያጋጥመው ይችላል።

አራቱም «የድምፅ ሕክምና» ይባላሉ። ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ሰውነት ውስጥ የሚሠሩት ሥራ አይገናኝም፤ ከኋላቸው ያለው ማስረጃም እንደዚያው። አንዱ በደንብ ተፈትኖ ጥሩ ውጤት አሳይቷል። ሁለተኛው ለአንዳንድ ችግር ለአጭር ጊዜ ይረዳል። ሦስተኛው ለአሥርተ ዓመታት በየሆስፒታሉ ሲሠራበት ኖሮ በጥብቅ ሲፈተን ደካማ ሆኖ ተገኝቷል። አራተኛው መሠረት የለውም። ለመለየት የሚያስፈልገው አንድ ጥያቄ ነው፦ ድምፁ ጡንቻው ዘንድ የደረሰው በየት በኩል ነው? በጆሮ ነው፣ በቆዳ ነው ወይስ በመሣሪያ ተገፍቶ በሥጋ ውስጥ?

ድምፅና ጡንቻ፦ መነሻው

ድምፅ ንዝረት ነው። ከበሮ ሲመታ ቆዳው ይነዝራል፣ አየሩን ይገፋል፤ ግፊቱ ጆሮ ታምቡር ላይ ደርሶ እንደገና ንዝረት ይሆናል። በአንድ ሰከንድ ውስጥ ያለው የንዝረት ብዛት ድግግሞሽ ይባላል፤ መለኪያው ሄርዝ ነው። የጤናማ ወጣት ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ሄርዝ ያለውን ይሰማል። ከ20,000 በላይ ያለው፣ ለሰው የማይሰማው፣ አልትራሳውንድ ነው። ፅንስ ለማየት የሚያገለግለውና ለጡንቻ ሕክምና የሚውለው መሣሪያ ሁለቱም ይህን የማይሰማ ድምፅ ይጠቀማሉ፤ አንዱ ግን የተመለሰውን ድምፅ ተቀብሎ ምስል ይሠራል፣ ሌላው ጉልበቱን ሥጋ ውስጥ ትቶ ያሞቃል።

ጡንቻ ደግሞ በራሱ አይንቀሳቀስም። ትእዛዙ ከአንጎል ተነሥቶ በሕብለ ሰረሰር ይወርድና በነርቭ አማካይነት ጡንቻው ላይ ይደርሳል። ያን ጊዜ ጡንቻው ውስጥ ካልሲየም ይለቀቃል፣ ክሮቹ እርስ በርስ ይሳሳባሉ፣ ጡንቻው ይኮማተራል። ስለዚህ እግር ሲሰንፍ የታመመው ሁልጊዜ እግሩ አይደለም። በስትሮክ፣ ማለትም ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ሲዘጋ ወይም የደም ሥር ሲፈነዳ በሚደርሰው ጉዳት፣ የተመታው ትእዛዝ ሰጪው ነው። በፓርኪንሰን ሕመም የሚዛባው የእንቅስቃሴው ጊዜ አጠባበቅ ነው። በሸክም ወይም በሩጫ በተሳበ ጡንቻ ግን ጉዳቱ ሥጋው ላይ ነው። ሦስቱን በአንድ ድምፅ አድናለሁ ማለት ሦስት የተለያዩ ቁልፎችን በአንድ መክፈቻ ለመክፈት መሞከር ነው።

አንድ ተጨማሪ ነገር ከዚህ ጋር መታወቅ አለበት። አየርና ሥጋ ድምፅን የሚያስተላልፉበት መንገድ እጅግ ይለያያል። በአየር የመጣ ድምፅ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ከጉልበቱ 99.9 በመቶ ያህሉ ተመልሶ ይሄዳል። ጆሮ ይህን ግድግዳ የሚያልፈው ከታምቡሩ ጀርባ ባሉት ሦስት ጥቃቅን አጥንቶች ግፊቱን አብዝቶ ነው። ጭን ወይም ክንድ እንዲህ ያለ መሣሪያ የለውም። ከስልክ የሚወጣ ድምፅ ሥጋን ሰርስሮ ጡንቻ ውስጥ ሊገባ አይችልም ማለት ነው። ጡንቻ ላይ ለውጥ ካመጣም የሚያመጣው በጆሮ ገብቶ በአንጎል በኩል ዞሮ ነው።

በጆሮ በኩል፦ ምት እግርን ሲመራ

ሁለት ሴቶች በአንድ ሙቀጫ ሲወቅጡ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ዘነዘናዎቹ ተራ በተራ ይወርዳሉ እንጂ አይጋጩም። «አሁን አንቺ፣ አሁን እኔ» የሚባባል የለም። እያንዳንዷ የሌላዋን ምት እየሰማች የሚቀጥለው መቼ እንደሚያርፍ ቀድማ ታውቃለች፤ ክንዷም ምቱ ሳይሰማ ተዘጋጅቷል።

ቤተ ሙከራ ውስጥ የተለካውም ይኸው ነው። ሰው ለድምፅ ምላሽ ለመስጠት 150 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ሲበቃው ለብርሃን ወደ 200 ይጠጋል። እኩል በሚሄድ ምት ጣቱን እንዲያሳርፍ የተጠየቀ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ምቱን በጥቂት አሥር ሚሊ ሰከንዶች ይቀድመዋል እንጂ አይከተለውም። አንጎል ምቱን እየጠበቀ ሳይሆን እየተነበየ ነው። የመስማት መንገዶች እንቅስቃሴን ከሚያቅዱት የአንጎል ክፍሎችና ከሕብለ ሰረሰር ጋር የጠበቀ ግንኙነት ስላላቸው፣ እኩል ምት የሚሰማ ሰው ጡንቻዎቹ የሚነሡበትን ሰዓት አስቀድሞ ያገኛል።

በዚህ ላይ የተመሠረተውን ሕክምና እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ (ከዚህ በታችም «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው) በአሜሪካ ኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ማይክል ታውትና ባልደረቦቹ አዳበሩት። በአማርኛ «በምት የተመራ የእርምጃ ልምምድ» ብንለው ሥራውን ይገልጸዋል። ሕመምተኛው በሜትሮኖም፣ ማለትም እኩል ምት በሚሰጥ መሣሪያ፣ ወይም ምቱ ጎልቶ በሚሰማ ሙዚቃ ይራመዳል። በ1993 ይኸው ቡድን በግማሽ አካላቸው የተመቱ ሰዎች ሲራመዱ የጡንቻቸውን ኤሌክትሪክ ለክቶ ነበር። በምት ሲራመዱ በተመታው ጎን ያለው የባት ጡንቻ ከእርምጃ ወደ እርምጃ መዋዠቁ ቀንሶ ተገኘ። ድምፁ ለጡንቻው አዲስ ጉልበት አልሰጠውም። የነበረውን ጉልበት በሰዓቱ እንዲያወጣው ነው ያደረገው። ስለ ድምፅና ጡንቻ ከተጻፈው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይያዝ ቢባል ይህ ልዩነት ቢሆን እመርጣለሁ።

በፓርኪንሰን ላይ ውጤቱ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። ይህ ሕመም የሚጎዳው ቤዛል ጋንግሊያ የተባለውን፣ በልምድ የሚደረግ እንቅስቃሴ ሳይታሰብበት እንዲቀጥል የሚያደርገውን የአንጎል ክፍል ነው። የውስጡ ሰዓት ሲዛባ እርምጃ ያጥራል፣ እግር መሬት ላይ ይጎተታል፤ አንዳንዴ ሰውዬው በር ላይ ሲደርስ እግሩ እንደተቸነከረ ቀጥ ይላል። ከውጭ የሚመጣ ምት የተጎዳውን ሰዓት ተክቶ ይሠራል። በ1996 በታተመው የታውት ቡድን ጥናት ለ3 ሳምንት ቤታቸው በምት የተለማመዱ የፓርኪንሰን ሕመምተኞች የእርምጃ ፍጥነታቸው በ25 በመቶ ጨምሯል። በ2019 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የመውደቅ ታሪክ ባላቸው 60 ሕመምተኞች ላይ ልምምዱ መውደቅን እንደቀነሰ አሳይቷል። እዚያው ጥናት ውስጥ ልምምዱን ለ8 ሳምንት እንዲያቋርጡ የተደረጉት ሰዎች እንደገና መውደቅ አብዝተዋል።

ስለ ስትሮክና ሌሎች የአንጎል ጉዳቶች በ2017 የወጣው የኮክሬን ግምገማ 29 ሙከራዎችን አንድ ላይ መርምሯል። ኮክሬን የሕክምና ሙከራዎችን ሰብስቦ ጥራታቸውን የሚመዝን ዓለም አቀፍ ተቋም ነው። በምት የተመራ ልምምድ የእርምጃን ፍጥነት በአማካይ በደቂቃ በ11 ሜትር ያህል እንደሚጨምር አግኝቷል፤ ይህ ከ9 ሙከራዎችና ከ268 ሰዎች የተገኘ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በደቂቃ 24 ሜትር የሚሄድ ሰው 10 ሜትር ስፋት ያለው አስፋልት ለመሻገር 25 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ 11 ሜትር ሲጨመርለት 17 ሰከንድ ይበቃዋል። ደሴ ፒያሳ ላይ ባጃጅና ሚኒባስ ሲተላለፉ ያየ ሰው 8 ሰከንድ ምን ማለት እንደሆነ አይነገረውም። በደቂቃ 24 ሜትር ደግሞ እንዲያው የተመረጠ ቁጥር አይደለም። ከዚያ በታች የሚራመድ የስትሮክ ሕመምተኛ እንቅስቃሴው በአብዛኛው ከቤት እንደማይወጣ ለመገመት ባለሙያዎች ይጠቀሙበታል።

የሚጠራጠሩ ተመራማሪዎች የሚያነሡት ነጥብም ክብደት አለው። ሙከራዎቹ አብዛኞቹ ትንንሽ ናቸው። የመድኃኒት ሙከራ ላይ እንደሚደረገው ሕመምተኛው የትኛውን ሕክምና እንዳገኘ መደበቅ አይቻልም፤ ሙዚቃ የሰማ ሰው ሙዚቃ እንደሰማ ያውቃል፣ ተስፋውና ደስታው ራሱ ሊያስሮጠው ይችላል። ጨርሶ መቆም ለማይችል ሰው ደግሞ ምት ብቻውን አይረዳም። እነዚህ ነጥቦች የውጤቱን መጠን በጥንቃቄ እንድናይ ያስገድዳሉ። ውጤቱ ግን በተለያዩ ቡድኖች፣ በሁለት የተለያዩ ሕመሞችና በተለያዩ ዓመታት ተደጋግሞ ስለታየ እኔ የማመዝነው ወደ ተቀባይነቱ ነው።

በቆዳ በኩል፦ ንዝረት

የንዝረት ሕክምና ታሪክ የሚጀምረው ከሚንገጫገጭ ጉዞ ነው። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ታላቅ የነርቭ ሐኪም ዣን ማርቲን ሻርኮ የፓርኪንሰን ሕመምተኞቹ በሠረገላና በባቡር ረጅም መንገድ ተጉዘው ፓሪስ ሲደርሱ ተሻለን እንደሚሉ አስተዋለ። ከዚያ ተነሥቶ የሚነዝር ወንበር አሠራ፤ በ1892ም ስለ ወንበሩ ትምህርት ሰጠበት። ከ120 ዓመት በኋላ፣ በ2012፣ አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች ሐሳቡን በዘመናዊ ወንበር ፈተኑት። ከ23 ሕመምተኞች ገሚሶቹ ንዝረት አገኙ፣ የቀሩት እዚያው ዓይነት ወንበር ላይ ተቀምጠው ያለ ንዝረት የተፈጥሮ ድምፅ ብቻ ሰሙ። ሁለቱም ቡድኖች ተሻላቸው፤ በመካከላቸው ግን የማያወላዳ ልዩነት አልተገኘም። ማረፉ፣ መታየቱና ተስፋው የራሱን ድርሻ ይሠራል ማለት ነው። ሐኪሞች ይህን ፕላሴቦ ይሉታል፦ ከሕክምናው ይዘት ሳይሆን ሕክምና ከማግኘት ስሜት የሚመጣ መሻሻል።

በ1980ዎቹ ኖርዌይ ውስጥ ኦላቭ ስኪሌ ድምፅ ማጉያ የተገጠመበት አልጋ አዘጋጅቶ ከ30 እስከ 120 ሄርዝ ያለ ዝቅተኛ ድምፅ በሰውነት ላይ እንዲያልፍ አደረገ። ይህ ቫይብሮአኩስቲክ ሕክምና ይባላል። የጡንቻ ግትርነት ያለባቸው ሰዎች ሲፍታቱ ታይተዋል፤ ጥናቶቹ ግን ጥቂትና ትንንሽ ስለሆኑ ምን ያህል እንደሚዘልቅ ከእነርሱ መደምደም አይቻልም።

በእጅ የሚያዘው የማሳጅ ማሽን የሚሠራበት መንገድ የበለጠ ይታወቃል። ጡንቻ ውስጥ መለጠጥን የሚለኩ ጥቃቅን ዳሳሾች አሉ። በሰከንድ 80 ወይም 100 ጊዜ የሚነዝር ነገር ጅማት ላይ ሲጫን ዳሳሾቹ ጡንቻው እየተለጠጠ ነው ብለው ለሕብለ ሰረሰር ያሳውቃሉ፤ ጡንቻው ሳያዝዙት ይኮማተራል፣ ተቃራኒው ጡንቻ ደግሞ ይላላል። ፊዚዮቴራፒስቶች ይህን ከስትሮክ በኋላ የሚመጣውን ግትርነት ለጊዜው ለማላላት ይጠቀሙበታል። ከስፖርት በኋላ ያለ ሕመምንም ይቀንሳል። የሚቆየው ግን ለአጭር ጊዜ ነው፤ ጡንቻን አያሳድግም። እግሩ በድንገት ያበጠበትና የሞቀበት ሰው ግን ማሽኑን ከማንሣቱ በፊት ሐኪም ይይ፤ እብጠቱ የደም መርጋት ከሆነ ንዝረትና አጥብቆ ማሸት አደገኛ ነው።

በሥጋ ውስጥ፦ ማሞቂያው አልትራሳውንድ

ፊዚዮቴራፒ ክፍል ውስጥ ባለሙያው መጀመሪያ ጄል የሚቀባው ከላይ ባየነው የአየር ግድግዳ ምክንያት ነው። በመሣሪያውና በቆዳው መካከል ስስ አየር እንኳ ቢቀር ድምፁ ተመልሶ ይሄዳል። ጄሉ አየሩን ያስወጣና ድምፁ ይገባል። መሣሪያው አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ድግግሞሽ ይሠራል። 1 ሚሊዮን ሄርዝ ያለው ጥልቅ ጡንቻ ድረስ፣ እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ 3 ሚሊዮኑ ላይ ላዩን ብቻ ይሠራል። ሥጋው ይሞቃል፣ የደም ዝውውሩ ይጨምራል፣ ሕመምተኛውም ይቀለኛል ይላል።

ጥያቄው ይህ መሻሻል ከድምፁ የመጣ ነው ወይስ ሕክምና ከማግኘት ስሜት ብቻ የሚለው ነው። በ2001 ሁለት ተመራማሪዎች 35 ሙከራዎችን ሰብስበው መረመሩ። አሠራራቸው ተቀባይነት ያለው ሆኖ የተገኘው 10 ብቻ ነበር። ከአሥሩ መሣሪያው በእውነት በርቶ የተሠራላቸው ሰዎች መሣሪያው ጠፍቶ ከተሠራላቸው የተሻሉት በሁለቱ ብቻ ነው። ስለ ወገብ ሕመም የወጣው የኮክሬን ግምገማም አልትራሳውንድን የሚደግፍ ጠንካራ ማስረጃ አላገኘም። የሚረዳበት ቦታ ጠባብ ነው። ለምሳሌ ትከሻ ጅማት ውስጥ ካልሲየም ሲጠራቀም ለአጭር ጊዜ ሕመምን እንደሚቀንስ በ1999 የታተመ ጥሩ ሙከራ አሳይቷል።

ባለሙያዎቹ ራሳቸው በዚህ አይስማሙም። አንዳንዶቹ ሕመምተኛው ከተዝናና በኋላ ልምምድ ለመሥራት ይቀለዋል፣ ጉዳትም የለውም ይላሉ። ሌሎቹ ጊዜውን ይቆጥራሉ፦ ሕመምተኛው ከባለሙያው ጋር ያለው 30 ደቂቃ ከሆነና 10ሩን ማሽኑ ከወሰደ፣ የተቀነሰው በትክክል የሚጠቅመው ልምምድ ነው። የሁለተኛው ወገን ክርክር ለእኔ ሚዛን ይደፋል፤ በተለይ ፊዚዮቴራፒስት እንደ ልብ በማይገኝበት አገር።

ከዚህ ጋር የሚምታታ ሌላ መሣሪያም አለ። ሾክዌቭ ይባላል፣ አጭርና ኃይለኛ የግፊት ሞገድ ነው፤ መነሻው በ1980 ሙኒክ ውስጥ የኩላሊት ጠጠርን ያለ ቀዶ ሕክምና ለመስበር የተሠራው ማሽን ነው። ዛሬ ለተረከዝ ሕመምና ለጅማት ይውላል፤ በስትሮክ የተጨበጠ እጅን ለሳምንታት ሲያላላም ታይቷል።

ቁጥር የተለጠፈባቸው ድምፆች

432 ሄርዝ፣ 528 ሄርዝ የሚሉት ቪዲዮዎች በአብዛኛው አንድ ዓይነት ሐሳብ ያቀርባሉ። እያንዳንዱ አካል የራሱ ድግግሞሽ አለው፣ ያን ድምፅ ሲሰማ ይስተካከላል ይላሉ። 440 ሄርዝ ሙዚቀኞች መሣሪያቸውን የሚቃኙበት ዓለም አቀፍ ስምምነት ነው፤ 432 ከእርሱ የሚለየው ከግማሽ ድምፅ ባነሰ ልዩነት ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን ለየብቻ ቢሰማ አይለያቸውም። ጡንቻ ላይ የተለየ ሥራ እንደሚሠራ የሚያሳይ ማስረጃ የለም።

ጡንቻ የራሱ ድምፅ እንዳለው ግን እውነት ነው። ጣሊያናዊው ፍራንቸስኮ ማሪያ ግሪማልዲ በ1665 በታተመ መጽሐፉ ጽፎበታል። ጸጥ ባለ ክፍል ሁለት አውራ ጣቶችን ጆሮ ውስጥ ከትቶ ጡጫን ማጥበቅ ነው፤ ከሩቅ እንደሚሰማ ነጎድጓድ ያለ ጉርምርምታ ይሰማል። ክሮቹ ሲኮማተሩ የሚያሰሙት ነው። የሥራው ውጤት እንጂ የሥራው ምክንያት አይደለም፤ የመኪና ሞተር ድምፅን ቀድቶ ማሰማት መኪናውን እንደማያስነሣው ሁሉ።

እነዚህን ድምፆች ሰምቶ ዘና ያለ ሰው ዘና ማለቱ እውነት ነው፤ ጸጥ ያለ ሙዚቃ ጭንቀትን ሲቀንስ የአንገትና የትከሻ ጡንቻም አብሮ ይላላል። ተቃራኒውም ይሠራል። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ክፍሎች ብዙ ጊዜ ከ90 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ) በላይ ይጮኻሉ፤ ኮምቦልቻ ውስጥ በዚህ ሥራ የሚተዳደሩ ብዙ ናቸው። 85 ዴሲቤል በቀን 8 ሰዓት የሚሰማ ጆሮ በጊዜ ብዛት ይጎዳል፤ የማያቋርጥ ጩኸት ሰውነትን በጭንቀት ስለሚይዘውም ጡንቻ ይወጠራል። ጆሮ መከለያ ለእነዚህ ሠራተኞች ከየትኛውም የ528 ሄርዝ ቪዲዮ የበለጠ የጡንቻ መድኃኒት ነው።

ለስፖርተኞች

አትሌቲክስ ወዳድ የሆነ አንባቢ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ1998 በርሚንግሃም ውስጥ የ2000 ሜትር የቤት ውስጥ ክብረ ወሰን ሲሰብር ፈጣን ምት ያለው ዘፈን ተለቆለት እንደነበር ያስታውሳል። በ2020 የወጣና 139 ጥናቶችን ያጠቃለለ ግምገማ ሙዚቃ በስፖርት ብቃት ላይ ትንሽ ግን እውነተኛ ጭማሪ እንደሚያመጣ፣ ድካምም ቀለል ብሎ እንዲሰማ እንደሚያደርግ አግኝቷል። ጥረቱ እየከበደ ሲሄድ ድካምን የመሸፈን አቅሙ ይቀንሳል። የጦሳን ተራራ በሩጫ ለሚወጣ ወጣት መጀመሪያው ላይ ይረዳዋል፤ ጫፉ አካባቢ የሚሰማው የራሱን ትንፋሽ ነው።

ወሎ ላይ ያለው ዕድልና መሰናክል

ማስረጃው የጠነከረበት ሕክምና ከሁሉም ርካሹ መሆኑ ለደሴና ለኮምቦልቻ ትልቅ ነገር ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የአካባቢው የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ ብዙ ሰውም ከጉዳት ጋር ወደ ቤቱ ተመልሷል። ማሽን መተካት ገንዘብና ዓመታት ይፈልጋል። ምት ግን ጭብጨባ፣ ነፃ የሜትሮኖም መተግበሪያ ያለው ስልክ ወይም ከበሮ ይበቃዋል።

ምትም በዚህ አገር እንግዳ አይደለም። መንዙማው በድቤና በጭብጨባ ይሄዳል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ዝማሜ በመቋሚያ፣ ወረቡ በከበሮ ሰውነትን እኩል ያወዛውዛል፤ ደቦ ላይ የሚዘፈነው ክንዶችን አንድ ላይ ያነሣል። ይሁንና ባህሉን እንዳለ ወስዶ ሕክምና ነው ማለት ስሕተት ይሆናል። የመንዙማው ሀድራ ሲሞቅ ድቤው ይፈጥናል፤ ወረቡም ሲደምቅ እንዲሁ። ለጤነኛ ሰው ውበቱ እዚያ ላይ ነው። ለስትሮክ ሕመምተኛ ግን የሚፈጥን ምት ወጥመድ ነው፤ እግሩ ሳይደርስበት ያልፈውና ይጥለዋል። የሚያስፈልገው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የማይለወጥ ምት ነው። ትዝታ ይሁን አምባሰል፣ ባቲ ይሁን አንቺ ሆዬ ለውጥ የለውም፤ ቅኝት የድምፆች አሰላለፍ ነው እንጂ የእርምጃ ሰዓት አይደለም። ሕመምተኛው የሚወደውን መምረጥ ይችላል፣ ምቱ ጎልቶ እስከተሰማና እኩል እስከሄደ ድረስ። ምት ሳይይዝ በዝግታ የሚንቆረቆር ትዝታ ለልብ እንጂ ለእግር አይሆንም።

ሁለተኛው መሰናክል መሬቱ ነው። ደሴ ላይ ሜዳ መንገድ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው። ዳገት ላይ እርምጃ ያጥራል፣ ቁልቁለት ላይ ይሮጣል፤ ምትን ለመያዝ የሚሞክር ሰው በሁለቱም ይሳሳታል። ልምምዱ በሆስፒታል ኮሪደር፣ በሰፊ ግቢ ወይም በትምህርት ቤት ሜዳ ቢደረግ ይሻላል። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ኮምቦልቻ የሚኖሩት በዚህ በኩል ዕድለኞች ናቸው።

ሦስተኛው ወጌሻ ነው። አጥንቱ ለወለቀበት፣ ጡንቻው ለዞረበት ሰው የመጀመሪያው መሄጃ እርሱ ነው፤ ብዙዎቹም እጃቸው የሠለጠነ ነው። በስትሮክ የተመታ ክንድን መጎተትና ማሸት ግን ሌላ ነገር ነው። የትከሻውን አጥንት በቦታው የሚይዙት ጡንቻዎች ስለላሉ መጎተት ያወልቀዋል፤ ሕመሙ ከዚያ በኋላ ልምምድ ያስተዋል። አፍ የተጣመመበት፣ በአንድ ጎን እጅ እግሩ የከዳው፣ ንግግሩ የተያዘበት ሰው «ምች ነው» ተብሎ ቤት ሊውል አይገባም። በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ካልደረሰ የሚያልፈው ጊዜ በኋላ በምንም ምት አይመለስም።

ልምምዱ እንዴት ይሠራል?

መጀመሪያ ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት ሕመምተኛው በሰላም መራመድ መቻሉን ያረጋግጣል። ከዚያ ያለ ምንም ድምፅ፣ እንደ ወትሮው እንዲራመዱ ተደርጎ በአንድ ደቂቃ ስንት እርምጃ እንደሚሄዱ ይቆጠራል። ጤነኛ አዋቂ ሰው ከ100 እስከ 120 ይራመዳል፤ አንድ ስትሮክ ያገኛቸው አባት 60 ቢሆኑ የመጀመሪያው ምት 60 ነው እንጂ 100 አይደለም። ቤተሰብ አብዝቶ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ለመርዳት ብሎ ያፈጥናል። እግር በራሱ ምት ላይ ሲያርፍና እርምጃው ሲስተካከል ብቻ ከ5 እስከ 10 በመቶ ይጨመራል፤ 60 የነበረው 63 ወይም 66 ይሆናል። ሰውዬው መዛል ወይም መንገዳገድ ሲጀምር ወደ ነበረበት ይመለሳል። በተመታው ጎን፣ ከኋላ ጥቂት ፈቀቅ ብሎ፣ ለመደገፍ የተዘጋጀ ሰው መኖር አለበት፤ ምቱ የሚሰጠው በጭብጨባ ከሆነ ደግሞ ሌላ ሰው ያጨብጭብ፣ የደጋፊው ሁለት እጆች ባዶ መሆን አለባቸውና።

መጨረሻው ለሁለቱ ሕመሞች አንድ አይደለም። የፓርኪንሰን ሕመምተኛ የውስጥ ሰዓቱ የተጎዳ በመሆኑ ምቱ እንደ ምርኩዝ አብሮት ይቆያል፤ ስልኩ ኪሱ ውስጥ፣ ድምፁ ጆሮው ውስጥ፣ በር ላይ ሲደርስ ሁሉ። ለስትሮክ ሕመምተኛ ግን ምቱ ቀስ በቀስ እንዲቀር ይደረጋል። መጀመሪያ ድምፁ ይቀንሳል፣ ቀጥሎ ለጥቂት እርምጃ ይቆማል፣ ተመልሶ ይጀምራል፣ እንደገና ይቆማል። ባለሙያው በዚያን ጊዜ የሚያዳምጠው የጫማውን ኮቴ ነው፤ ጭብጨባው ከቆመ በኋላ ኮቴው እኩል እየሄደ የኮሪደሩ ጫፍ ከደረሰ በሚቀጥለው ቀን ልምምዱ ያለ ድምፅ ይጀመራል።